ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች፦ የያፎና የቴል አቪቭ ባሕር ዳር የድሮ ፎቶግራፎች ምን ያስተምሩናል?



ባገራችን ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ሰውም ከቤቱ ብዙ አይርቅም። እዚህ እስራኤል ስንመጣ ግን ሐምሌና ነሐሴ የሚያቃጥል በጋ ሆነው አገኘናቸው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ልጆችም «እማዬ፣ ወደ ባሕር እንሂድ» ማለት ይጀምራሉ። ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ የመጣ ሰው ወንዝና ሐይቅ እንጂ ባሕር አይቶ የማያውቅ ብዙ ነው። ስለዚህ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ለመላክ ይፈራሉ። አንዳንድ ሽማግሌዎችም «ይህ ሁሉ ሰው በፀሐይ ላይ ተጋድሞ ምን ያገኛል?» ብለው ይጠይቁናል።

በዚህ እትም ስለዚሁ ባሕር ዳር ልንነግራችሁ አስበናል። የምንነግራችሁ በድሮ ፎቶግራፎች አማካይነት ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፦ እኛ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች በሥራችን ላይ በየዓመቱ የሚያጋጥመን አንድ ነገር አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የ7ኛ ክፍል ልጆች «ዓቮዳት ሾራሺም» የሚባል የቤተሰብ ታሪክ እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። ሾራሺም ማለት ሥሮች ማለት ነው። ልጁ የአያቱንና የቅድመ አያቱን ፎቶ አምጥቶ በደብተሩ ላይ እንዲለጥፍ ይጠየቃል። የጓደኞቹ ደብተር በፎቶ ሲሞላ የእኛ ልጅ ገጽ ባዶ ይሆናል። ልጁ ያፍራል፤ ወላጆቹም «ምን እናድርግ? በመንደራችን ካሜራ አልነበረም» ይላሉ።

ፎቶ የሌለው ሰው ታሪክ የለውም ማለት ነውን? የያፎና የቴል አቪቭን የድሮ ፎቶግራፎች በደንብ ከተመለከትን መልሱን እናገኛለን። ይህ ጽሑፍ በዕብራይስጥም ስለወጣ ልጆቻችሁ በዚያ በኩል ያንብቡት፤ እናንተ በዚህ በኩል አንብቡትና ማታ ተነጋገሩበት። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መርከብ የማይጠጋበት ወደብ

ያፎ በጣም ጥንታዊ ከተማ ናት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ የምትባለው እርሷ ናት። ነቢዩ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ለመሸሽ ወደ ተርሴስ በሚሄድ መርከብ የተሳፈረው ከዚህች ከተማ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራም የሊባኖስ እንጨት በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ የመጣው ወደ ኢዮጴ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንፋሎት ኃይል የሚሄዱ መርከቦች መጡ። የድንጋይ ከሰል ይነድዳል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሞተሩን ያዞራል። እነዚህ መርከቦች እንደ ሸራ መርከብ የነፋሱን ፈቃድ ስለማይጠብቁ፣ የሚመጡበትና የሚሄዱበት ቀን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የኦስትሪያ፣ የፈረንሳይና የሩሲያ የመርከብ ኩባንያዎች ያፎን ከመቆሚያዎቻቸው አንዷ አደረጓት። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ተሳላሚ፣ ነጋዴው፣ ከሩሲያና ከሮማንያ የመጣው አይሁዳዊ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የረገጡት የያፎን መሬት ነው። በመስከረም 1892 ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ሲከፈት ደግሞ የከተማዋ ገበያ ይበልጥ ደራ።

ይሁን እንጂ ወደቡ ትልቅ ችግር ነበረበት። ውሃው ጥልቀት የለውም፤ ከፊት ለፊቱም በባሕር ውስጥ የቆሙ ቋጥኞች አሉ። ስለዚህ ትልልቆቹ መርከቦች ወደ መሬት መጠጋት አይችሉም ነበር። ርቀው መልሕቃቸውን ይጥላሉ። ከዚያ የያፎ ጀልባ ቀዛፊዎች በትልልቅ ጀልባዎች ወደ መርከቡ ይሄዳሉ፤ ሰውንና ሻንጣውን ተቀብለው፣ ማዕበሉን ጠብቀው፣ በቋጥኞቹ መካከል ባለችው ጠባብ በር አሳልፈው ወደ መሬት ያደርሳሉ። ቀዛፊዎቹ የያፎ ዐረቦች ነበሩ። አንዱ ከመርከቡ መሰላል ላይ ተሳፋሪውን ያወርዳል፣ ሌላው ከታች ከጀልባው ሆኖ ይቀበላል። ሽማግሌም ሆነ ሕፃን እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ነበር። ማዕበሉ ከበረታ መርከቡ ሰዎቹን ሳያወርድ ወደ ሌላ ወደብ ይሄድ ነበር። በዚህ ምክንያት ባሕሩ ጸጥ የሚልበት በጋ ለተሳፋሪ የተሻለው ጊዜ ነበር።

ከያፎ የተላኩ ብዙ የድሮ ፎቶግራፎች ይህንኑ ያሳያሉ። ከሩቅ የመርከቡ ጭስ ይታያል፤ ከፊት ጥቁር ቋጥኞች አሉ፤ በመካከሉ በጀልባ ላይ ቆመው የሚቀዝፉ ወንዶች ይታያሉ። መርከቡ ስም አለው፣ ኩባንያው ስም አለው፣ የተሳፋሪዎቹም ስም በመዝገብ ይያዛል። የቀዛፊዎቹን ስም ግን ከፎቶው ሥር አታገኙትም። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ካሜራው ያየውና ያላየው

የፎቶግራፍ ሥራ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳውያን ካሜራ ይዘው ወደ ቅድስት አገር መጡ። በ1867 ፌሊክስ ቦንፊስ የተባለ ፈረንሳዊ በቤሩት የፎቶ ቤት ከፈተ። እርሱና ቤተሰቡ ያነሷቸው የያፎና የኢየሩሳሌም ሥዕሎች ለቱሪስቶችና ለተሳላሚዎች በብዛት ይሸጡ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ በኢየሩሳሌም የሚኖሩ፣ የአሜሪካን ኮሎኒ የሚባል ማኅበር አባላት የፎቶ ክፍል አቋቋሙ። ከእነርሱ መካከል ኤሪክ ማትሰን የተባለው ሥራውን ለብዙ ዓመታት ካካሄደ በኋላ ስብስቡን በዋሽንግተን ላለው ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ስብስቡ ከ20,000 በላይ ኔጋቲቮች አሉት። ዛሬ ማንም ሰው በኮምፒዩተር ሊያየው ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፎቶ ማንሳት ቀላል ሥራ አልነበረም። ፎቶ አንሺው ከባድ ሣጥን፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያና የመስታወት ሰሌዳዎች ይሸከማል። መስታወቱ መድኃኒት ይቀባል፤ ሳይደርቅ ፎቶው መነሳትና መታጠብ አለበት። ሰሌዳው ብርሃኑን ለመቀበል ብዙ ሰኮንድ ይወስድ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተንቀሳቀሰ ሰው እንደ ጥላ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። የባሕሩም ማዕበል ከመንቀሳቀሱ የተነሣ እንደ ጉም ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በቆዩት ፎቶዎች ላይ ወደቡ ባዶ ሆኖ ካያችሁ ሰው አልነበረም ብላችሁ አትደምድሙ። ምናልባት ያ ሰው ሥራ ላይ ስለነበረ አልቆመም ይሆናል። ቆሞ የተነሣው ሥራ የሌለው ወይም ቁም የተባለ ነው።

ቀለሙም እንደዚሁ ያታልላል። የዚያ ዘመን ሰሌዳ ሰማያዊውን ነጭ፣ ቀዩን ጥቁር አድርጎ ያሳይ ነበር። ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይመስላል፤ በፀሐይ የጠቆረው የቀዛፊው ፊትም ከነበረው ይበልጥ ጠቁሮ ይወጣል።

ቆየት ብሎ ነገሩ ቀለለ። ደረቅ ሰሌዳ መጣ። በ1888 ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማንም ሰው በእጁ የሚይዘውን፣ ጥቅል ፊልም ያለበትን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ ካሜራ ከሐውልትና ከቅዱስ ቦታ ወደ ተራው ሰው ሕይወት መዞር ጀመረ። የበጋ ፎቶ፣ የልጆች ፎቶ፣ የባሕር ዳር ፎቶ የበዛው ከዚህ ወዲህ ነው።

በአሸዋው ላይ የተሰበሰቡት

በዚህ አገር በጣም ከታወቁት ፎቶግራፎች አንዱን ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት መጽሐፋቸው ላይ ሳያዩት አይቀሩም። ጥቁር ልብስ የለበሱ ወንዶችና ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች በባዶ አሸዋ መካከል ተሰብስበው ቆመዋል። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ መንገድ የለም። ፎቶውን ያነሳው አብርሃም ሶስኪን ነው። እርሱም ከሩሲያ የመጣ ስደተኛ ሲሆን በያፎ የፎቶ ሥራ ይሠራ ነበር።

ሚያዝያ 11 ቀን 1909 በፋሲካ ሳምንት 66 ቤተሰቦች ከያፎ ወጣ ብሎ ባለው አሸዋ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ በዕጣ ለመካፈል ተሰበሰቡ። ዕጣው የወጣው በባሕር ዛጎል ነበር። በነጩ ዛጎል ላይ የቤተሰቡ ስም፣ በግራጫው ላይ የቦታው ቁጥር ተጻፈ። ያ ሰፈር በሚቀጥለው ዓመት ቴል አቪቭ ተባለ።

ሶስኪን ኋላ እንደተናገረው ማንም አልጠራውም ነበር። ካሜራውንና መቆሚያውን ተሸክሞ በአሸዋው ሲያልፍ ሰዎቹን አየና አነሳቸው። ባያልፍ ኖሮ ዛሬ ያ ሥዕል አይኖርም ነበር። ነገር ግን ፎቶው ባይኖርም ዕጣው ወጥቶ ነበር፤ ከተማዋም ትሠራ ነበር። ፎቶ የሆነውን ነገር ያሳያል እንጂ ነገሩ እንዲሆን አያደርግም። ይህን ለልጆቻችን ደጋግመን ልንነግራቸው ይገባል።

የ66ቱ ቤተሰቦች ስም ዛሬ በቴል አቪቭ ሮትሺልድ ጎዳና ላይ በቆመው የመሥራቾች መታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ፎቶው ስም አገኘ ማለት ነው። የልጅ ልጆቻቸው ድንጋዩ ፊት ቆመው «ይህ የእኛ ነው» ሊሉ ይችላሉ። የተሳፋሪዎቹን ሕይወት ለመቶ ዓመት ያህል በእጃቸው የተሸከሙት ቀዛፊዎች ግን እንዲህ ያለ ድንጋይ የላቸውም።

የበጋ ኑሮ

ቴል አቪቭ ከተሠራች በኋላ የባሕሩ ዳር ሁለት ዓይነት ሥራ ነበረው። አንዱ የእንጀራ ነው። በ1920ዎቹ በተነሱት ፎቶዎች ላይ ግመሎች ተራ ይዘው በውሃው ዳር ሲሄዱ ይታያሉ። የተሸከሙት ለቤት መሥሪያ የሚሆን የባሕር አሸዋ ነው። ልጆቻችን ዛሬ የሚጫወቱበት አሸዋ በግመል ጀርባ እየተጫነ የከተማዋ ግድግዳ ሆኗል።

ሁለተኛው የመዝናኛ ነው። በ1922 በአሌንቢ መንገድ መጨረሻ፣ ውሃው ላይ በቆሙ ዓምዶች የተደገፈ ትልቅ ቤት ተሠራ። ስሙ ካዚኖ ይባል እንጂ ቁማር የሚጫወቱበት ቤት አልነበረም፤ ቡና ቤትና ምግብ ቤት ነበር። በዚያ ጊዜ የፖስታ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። በቀን ሙቀት የተሰላቸ ሰው ማታ ማታ የባሕር ነፋስ ሊቀበል ይሄድበት ነበር። በ1939 ፈረሰ። ዛሬ ከእርሱ የቀረው ፎቶው ብቻ ነው።

በ1930ዎቹ ከጀርመንና ከምሥራቅ አውሮፓ ብዙ ሰው መጣ። ከመጡትም መካከል ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ዞልታን ክሉገር በ1933 ከበርሊን መጣ። ሩዲ ቫይሰንስታይን በ1936 ከቼኮስሎቫኪያ መጥቶ በ1940 ከባለቤቱ ከሚርያም ጋር በቴል አቪቭ የፎቶ ቤት ከፈተ። ግንቦት 14 ቀን 1948 የእስራኤል መንግሥት ሲታወጅ በአዳራሹ ውስጥ ሆኖ ያነሳው እርሱ ነው። እነዚህ ሰዎች የባሕር ዳሩንም ሕይወት አንሥተዋል፦ ተጣጣፊ ወንበሮች፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች፣ ኳስ የሚጫወቱ ጎረምሶች። ሽማግሌዎቻችን «ምን ያገኛሉ?» ብለው ለሚጠይቁት ጥያቄ መልሱ በከፊል እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ የሚኖሩት በጠባብ ቤት ነበር። የሙቀት ማቀዝቀዣ የለም። ባሕሩ ያለ ክፍያ ነፋስ የሚገኝበት፣ ዘመድ የሚገናኝበት፣ አዲስ መጪውም ከነባሩ ጋር ያለ ቋንቋ የሚቀላቀልበት ሜዳ ነበር።

ዐረቦቹም የራሳቸው በጋ ነበራቸው። ከያፎ በስተደቡብ፣ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት በአሸዋው መካከል ነቢ ሩቢን የሚባል ቦታ አለ። የያዕቆብ ልጅ ሮቤል የተቀበረበት ነው ብለው ያምኑ ነበር። በበጋው መጨረሻ ከያፎ፣ ከራምሌና ከሎድ ቤተሰቦች ድንኳናቸውን ጭነው ይሄዱና ለሳምንታት ይሰፍሩ ነበር። ገበያ ይቆማል፣ ዘፈን ይዘፈናል፣ የፈረስ ግልቢያ ይኖራል። በያፎ ሴቶች ዘንድ «ወደ ሩቢን ካልወሰድከኝ ፍታኝ» የሚል ቀልድ ነበር ይባላል። በበዓል ቀን ተሰብስቦ ደስ መሰኘትን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የመርከቡ ዘመን ማብቂያ

በ1933 በኸይፋ ጥልቅ ወደብ ተከፈተ። መርከቦች ያለ ቀዛፊ በቀጥታ መጠጋት ቻሉ። በሚያዝያ 1936 የዐረቦች አጠቃላይ አድማ ሲጀመር የያፎ ወደብ ተዘጋ። በግንቦት ወር የቴል አቪቭ ሠራተኞች በሰሜን በኩል ከእንጨት የተሠራ መውረጃ ወደ ባሕር ዘረጉ። መጀመሪያ የወረደው ጭነት ሲሚንቶ ነበር። ከረጢቱን በትከሻቸው ተሸክመው በውሃ ውስጥ የሚወጡት ሰዎች ፎቶ በሰፊው ታውቋል።

በ1939 በጋ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። እንግሊዞች የአይሁዶችን መግባት በጥብቅ ገድበው ነበር። ነሐሴ 22 ቀን ፓሪታ የምትባል አሮጌ መርከብ ከ800 በላይ ስደተኞች ይዛ ሆን ብላ በቴል አቪቭ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። በመስከረም መጀመሪያ ደግሞ 1,400 ያህል ሰዎች የያዘችው ታይገር ሂል መጣች። ጀርመን ፖላንድን የወረረችውና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነበር። ከተሳፋሪዎቹ ሁለቱ በእንግሊዝ ጥይት ሞቱ። ሰው ለመዋኘት በሚመጣበት ዳርቻ ላይ መርከቧ ተጋድማ በፎቶ ትታያለች። የበጋ መዝናኛውና የሕይወት መዳኛው አንድ አሸዋ ነበር ማለት ነው።

በ1948 ጦርነት አብዛኞቹ የያፎ ዐረቦች ከከተማቸው ወጡ፤ የቀሩት ጥቂት ሺህ ብቻ ነበሩ። የነቢ ሩቢን በዓልም ቀረ። በ1965 የአሽዶድ ወደብ ሲከፈት የቴል አቪቭና የያፎ ወደቦች የጭነት ሥራ አቆመ። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደ እስራኤል የሚመጣው በአብዛኛው በአውሮፕላን ሆነ። የቀዛፊዎቹ ቤተሰቦች በየአገሩ ተበተኑ። «ይህ አባቴ ነው» የሚል ሰው ከፎቶው ስለራቀ፣ የፎቶው ሰዎች ፊት እያላቸው ስም አጡ።

የእኛስ ባሕር ዳር?

የእኛ ሕዝብ የመጣው በአውሮፕላን ነው ይባላል። በአብዛኛው እውነት ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ2020 ወዲህም በጹር እስራኤል ዘመቻ የመጡት በአየር ነው። በባሕር የመጡም ግን አሉ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሱዳን፣ በቀይ ባሕር ዳር፣ ዓሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። የሚያስተዳድሩት የአውሮፓ ኩባንያ ሰዎች መስለው የገቡ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሠራተኞች ነበሩ። ቀን ቀን እውነተኛ ቱሪስቶች እየመጡ ይዋኙ ነበር። ሌሊት ደግሞ ሠራተኞቹ በመኪና ወደ ገዳሪፍ አካባቢ እየሄዱ ወገኖቻችንን ከስደተኛ ሰፈር ያመጡ ነበር። ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ በተለያዩ ሌሊቶች ወገኖቻችን በትንንሽ የጎማ ጀልባ ወደ እስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ ተወሰዱ። ይህን የሱዳን መንገድ በመክፈት ረገድ ከራሳችን ወገን የፈረደ አክሉም ስም ሁልጊዜ ይነሣል።

አሁን አስቡት። ለቱሪስቶች የታተመው የዓሩስ ማስታወቂያ ወረቀት ባለ ቀለም ፎቶ ነበረው፦ ሰማያዊ ባሕር፣ ዓሣ፣ የሚስቁ ዋናተኞች። በዚያው ባሕር ላይ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ባሕር አይታ የማታውቅ፣ በጨለማ ወደ ጀልባ የገባችው እናት በማስታወቂያው ላይ የለችም። ነገሩ ምሥጢር ስለነበረ ሊሆንም አይችልም ነበር። ካሜራው የበጋውን መዝናኛ አየ፤ ትልቁን ሥራ አላየም። እንደ ያፎው ቀዛፊ ሁሉ እርሷም ከሥዕሉ ውጭ ቀረች። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ የእርሷን ስም የሚያውቅ ሰው ዛሬም አለ። ምናልባት ከእናንተ ጋር በአንድ ሕንጻ ውስጥ ይኖራል።

በሱዳን መንገድ ላይ የሞቱት ወገኖቻችን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በሔርጽል ተራራ የመታሰቢያ ቦታ ተሠርቶላቸዋል፤ መታሰቢያቸውም በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይከበራል። ከእነርሱ አብዛኞቹ አንድም ፎቶ አልነበራቸውም። የሚታወሱት ስማቸውን የያዘ ሰው ስላለ ነው።

ፎቶ ያለን ስንሆንም ጉዳዩ አያልቅም። የውጭ አገር ተጓዦች በመንደሮቻችን ያነሷቸው ብዙ ፎቶዎች በየቤተ መጻሕፍቱና በየመጽሐፉ አሉ። ከሥራቸው ግን «ሸክላ ሠሪ»፣ «የመንደር ሴት»፣ «ቄስ» ከማለት አያልፉም። እነዚህ ሰዎች የአንዱ አያት፣ የአንዷ እናት ናቸው። ሽማግሌዎቻችን በሕይወት እያሉ አይተው «እከሌ ናት» ካላሉ ኋላ የሚል አይገኝም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ቤታችሁ ያለውን ፎቶ ሁሉ አውጡ። የጉርድ ፎቶም ቢሆን፣ የተቀደደም ቢሆን አትጣሉ። በአዲስ አበባም ሆነ በጎንደር ስትጠባበቁ የተነሣችሁት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የተነሣችሁት፣ ሁሉም ለልጅ ልጆቻችሁ የድሮ ፎቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፦ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ስም፣ ቦታውን፣ ዓመቱን። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት በኩል ይወጣል። ፎቶውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ።

ሦስተኛ፣ በስልካችሁ ያለው ፎቶ በሺህ ቢቆጠርም ስም ከሌለው ያው እንደ ቀዛፊዎቹ ነው። መርጣችሁ አሳትሙ፤ ጻፉበት።

አራተኛ፣ ሽማግሌዎችን ስታነሡ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው አይቀመጡ፤ ፊታቸው ይጨልማል። በጥላ ሥር ወይም በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ወደ ፊታቸው እንዲሆን አድርጉ። ከማንሣታችሁ በፊትም ፈቃዳቸውን ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ከአሁን በፊት ፎቶ ያልነበረው ዘመድ ካለ ልጁ አያቱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «እምዬ፣ እናትዎ ምን ዓይነት መልክ ነበራቸው? ምን ይለብሱ ነበር? ቤታቸው የት ነበር? ድምፃቸውስ?» የሚመልሱለትን በስልኩ ይቅዳ፤ ከዚያ በዕብራይስጥ ይጻፈው። በሾራሺም ደብተሩ ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፈው። ለመምህሩም እንዲህ ይበል፦ «የቅድመ አያቴ ፎቶ የለም፤ ስሟና ሕይወቷ ግን ይኸውና።» ባገራችን የዘር ሐረግን እስከ ሰባት ትውልድ መቁጠር ልማድ ነው። በፎቶ የተሞላ ደብተር ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች ይህን ያህል ወደ ኋላ መቁጠር አይችሉም። ልጁ በዚህ ይኩራ።

መምህራን ይህን እንዲረዱ ማነጋገር የሚያስፈልጋቸው ወላጆች ካሉ፣ ዕብራይስጥ አልችልም ብለው ዝም አይበሉ። በየአካባቢያችሁ ያሉትን አማርኛ ተናጋሪ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች ወይም በትምህርት ቤቱ ያለውን አገናኝ ይጠይቁ፤ አብረዋችሁ ይሄዳሉ።

በዚህ በጋ ወደ ባሕር የምትወርዱ ቤተሰቦች ጠባቂ ባለበት ቦታ ብቻ ዋኙ፤ ልጆቻችሁን ከዓይናችሁ አታርቁ፤ ውሃ መጠጣትም አትርሱ። ወደ ያፎም ብትሄዱ በወደቡ ጠርዝ ላይ ቁሙና ወደ ቋጥኞቹ ተመልከቱ። መርከቦቹ የቆሙት ከእነዚያ ባሻገር ነበር። ሽማግሌዎቹን በመካከል አስቀምጣችሁ ፎቶ ተነሡ። እቤት ስትገቡም ልጁ ከመተኛቱ በፊት የሁላችሁንም ስም ይጻፍበት።